ሚዛኑ እኩል ሲቆም

በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 1973፣ በእኛ ዘንድ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል በሚውልበት በሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው፣ የወታደሮች የግል ማኅደር በሚጠበቅበት ታላቅ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ማኅደሮቹ በተደረደሩበት ስፍራ በራሱ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረምና እሳቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አራት ቀን ተኩል ፈጀ፤ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደር ማኅደርም ዐመድ ሆነ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መባቻ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር ውስጥ ከመቶው ሰማንያው እጅ ጠፋ፤ ግልባጭም ሆነ ማውጫ አስቀድሞ አልተዘጋጀለትም ነበር። ከነበልባሉ ተርፎ በማጥፊያው ውኃ የራሰውን ወረቀት ሻጋታ ሳይበላው ለማድረቅ፣ የጠፈር ጉዞ መሣሪያዎች ይፈተኑበት በነበረ አየር አልባ ክፍል ውስጥ ሳይቀር አስገቡት። ከጠፉት ማኅደሮች መካከል በኮርያ ጦርነት የዘመቱት ይገኙበታል፤ እነዚህም ከ1951 ጀምሮ የእኛ የቃኘው ሻለቃ በሰባተኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተሰልፎ፣ 121 ልጆቹን በሞት አጥቶ፣ ከጎናቸው የተዋጋላቸው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ በኮርያ ክረምት እግሩን ውርጭ የበላው አንድ ሰው፣ ሽምግልና ሲጫነውና ጣቶቹ ሲደነዝዙ፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ እንዲከፈለው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ አመለከተ እንበል። ጉዳዩን የያዘው ሹም፣ በዚያን ጊዜ ስለ መታከምህ የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ቢለው፣ ወረቀቱን የጻፈው መንግሥት፣ አኑሮ የጠበቀው መንግሥት፣ የተቃጠለውም በመንግሥት ቤት ሳለ ሲሆን፣ የጠፋው ማስረጃ በማን ላይ ሊቆጠር ይገባል? ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ይህ ጥያቄ ነው። (ከሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በቀር፣ የጠቀስኋቸውና የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።)

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ በእኔ ግምት፣ በዚያ አገር የሕግ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት ድንጋጌዎች እጅግ ካማሩት አንዱ ነው። በተራው የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የሆነ ሰው ሚዛኑን በጥቂቱም ቢሆን ወደ ራሱ ማዘንበል ይጠበቅበታል፤ የሁለቱ ወገን ማስረጃ እኩል ሆኖ ቢቆም ተሸናፊው እርሱ ነው። የቀድሞ ወታደር ካሣ በሚጠይቅበት ጉዳይ ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይገኛል፤ ለእርሱ የሚመሰክረውና የእርሱን ቃል የሚቃወመው ማስረጃ ተቀራርቦ በተመዛዘነ ጊዜ፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲቆጠርለት ሕጉ ያዝዛል። በወንጀል ችሎት ጥርጣሬ ለተከሳሹ እንደሚተው ሁሉ፣ በዚህም ስፍራ ጥርጣሬ የዘማቹ ገንዘብ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ወታደር በጦር ሜዳ ላይ የሕክምና ወረቀት እያስጻፈ አይዋጋም። ቁስሉን በጨርቅ ጠምጥሞ ወደ ምሽጉ የተመለሰ፣ የጆሮውን መደንቆር ፈሪ እንዳይባል ደብቆ የያዘ፣ ሌሊት የሚያስጮኸውን ሕልም ለአለቃው ሊናገር ያፈረ ሰው፣ ማኅደሩ ባይቃጠል እንኳ ባዶ ነው። ስለዚህም ሕጉ በውጊያ ላይ ለነበረ ሰው ሌላም ነገር ጨምሮለታል፤ የሚናገረው ነገር ከአገልግሎቱ ሁኔታ ጋር የሚስማማ ከሆነ፣ የተጻፈ መዝገብ ባይኖረውም የራሱ ቃል ማስረጃ ሆኖ እንዲቀበሉለት አዝዟል። በሴንት ሉዊስ እንደ ሆነውም ማኅደሩ በመንግሥት እጅ ሳለ ከጠፋ፣ ጉዳዩን የሚያዩት ዳኞች ጥርጣሬውን በበለጠ ጥንቃቄ እንዲመረምሩና የወሰኑበትን ምክንያት አስፋፍተው እንዲያስረዱ በ1991 ተፈርዷል።

የሚመዘኑት ነገሮች በጠቅላላው ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ሰውየው ዛሬ ሕመም ያለበት መሆኑ፣ በአገልግሎት ሳለ አንድ ነገር የደረሰበት መሆኑ፣ ደግሞም ያንን ከዚህ ጋር የሚያያይዝ ክር መኖሩ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው በሦስተኛው ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የዛሬው የጉልበት ሕመም ከሠላሳ ዓመት በፊት በዣንጥላ ከመዝለል የመጣ ይሁን ወይም ከዕርጅና፣ የሚናገር ሐኪም ያስፈልገዋልና። ሐኪሙም የሚጠየቀው እርግጠኛ እንዲሆን አይደለም፤ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ነገር ቢያንስ ካለመምጣቱ ጋር እኩል ያህል ይመስላል ወይ ተብሎ ብቻ ነው። ይህ ከተፈቀደ በኋላ ጉዳቱ ከዜሮ ጀምሮ በዐሥር በዐሥር እየጨመረ እስከ መቶ በሚደርስ ልክ ይሰፈራል። በ2024 ቤተሰብ የማያስተዳድር ሰው ለዐሥሩ እጅ በወር 171 ዶላር ያህል፣ ለመቶው እጅ ግን ከ3,700 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቤት ኪራይ፣ መድኃኒትና የልጆች ቀለብ አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ያማረ ድንጋጌ በወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ለብዙ ዘመን ሚዛኑን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ዐይን አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ካሣውን በሚወስነው መሥሪያ ቤት ውስጥ የይግባኝ ሰሚ ቦርድ ባቋቋሙ ጊዜ የቦርዱ ቃል የመጨረሻ ቃል ሆነ፤ ወታደሩ የከለከለውን መሥሪያ ቤት በዚያው መሥሪያ ቤት ፊት ይከስስ ነበር እንጂ፣ ከዚያ በላይ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ሕጉ በሩን ዘግቶበት ነበር። የጠበቃም ዋጋ አስቀድሞ በ1862 በአምስት ዶላር፣ በ1864 ደግሞ በዐሥር ዶላር ተወስኖ ስለ ነበር ጠበቃ መግዛት አይችልም ነበር። ይህ የዐሥር ዶላር ገደብ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን መበለታትንና እጓለ ማውታን ከስስታሞች ለመጠበቅ በቀና ልብ የተደነገገ ነበር፤ ነገር ግን ዐሥር ዶላር የአንድ ቀን ስንቅ እንኳ ሊሆን በማይችልበት ዘመንም ሳይነካ ቆየ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1985 ገደቡን አጸናው።

ይግባኝ የሚለው ቃላችን ራሱ ከመግባት የተወለደ ነው። በእኛ አገር በዳኛ የተበደለ ሰው አቤት እያለ በንጉሡ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጮኽ፣ የሚለምነው ጉዳዩ ከበዳዩ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ችሎት እንዲገባለት ነበር። የከለከለው ቤትና ይግባኙን የሚሰማው ቤት አንድ ሲሆን፣ ስሙ ይግባኝ ቢባልም የገባበት ሌላ ደጅ የለም። የአሜሪካ ወታደር ይህን ሌላ ደጅ ያገኘው ቦርዱ ከተቋቋመ ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በኖቬምበር 1988 በፈረሙት ሕግ ነው፤ በዚህም ሕግ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ፣ ዳኞቹ ለዐሥራ አምስት ዓመት የሚሾሙበት፣ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት በዋሽንግተን ተመሠረተ።

ዛሬ አቤቱታው የሚሄድበትን ጎዳና በአጭሩ ላስረዳ። በኦገስት 2017 ተፈርሞ ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ መሠረት፣ የተከለከለ ሰው የእምቢታው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከሦስት መንገድ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ያው መዝገብ ያለ አዲስ ማስረጃ ከፍ ባለ ሹም እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ወይ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ያመለክታል፤ ወይም በቀጥታ ወደ ቦርዱ ይግባኝ ይላል። በቦርዱም ዘንድ ሦስት ተራ አለ፤ በመዝገቡ ብቻ የሚወሰንበት፣ በዘጠና ቀን ውስጥ ማስረጃ የሚጨመርበት፣ ደግሞም ዳኛው ፊት ቀርቦ ቃል የሚሰጥበት። አንዱ መንገድ ቢዘጋበት በዓመቱ ውስጥ ወደ ሌላው ከተሻገረ፣ በመጀመሪያ ያመለከተበት ቀን አይጠፋበትም፤ በመጨረሻ ቢፈቀድለት ካሣው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። ይህ ከፊተኛው ሥርዓት እጅግ ይሻላል፤ የኮንግረሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እንዳመለከተው በ2015 የይግባኝ ጉዳይ አማካይ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖ ነበርና።

በቦርዱ ያለውን የሥራ ብዛት ግን መዘንጋት አይገባም። ከመቶ የሚበልጡ ዳኞች በዓመት 100,000 ያህል ውሳኔ ይሰጣሉ፤ ይህ በየሥራው ቀን ለአንድ ዳኛ ሦስት ያህል ማለት ነው፤ አንዱ መዝገብ ብቻውን በሺሕ የሚቈጠር ገጽ ሊኖረው ይችላል። ረቂቁን የሚጽፉት በዳኛው ሥር ያሉት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ይህን የምናገረው ሠራተኞቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሚዛን የሚይዝ እጅ ሲቸኩል ሚዛኑ እንደሚወዛወዝ ለማመልከት ነው። የሚስት ደብዳቤ፣ የጓድ ምስክርነት፣ የመንደር ሐኪም የጻፋት አንዲት መስመር በዚያ ሁሉ ገጽ መካከል ስትታለፍ፣ በእውነቱ እኩል የነበረው ሚዛን ያዘነበለ መስሎ ይታያል።

ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመሄድ የተፈቀደው 120 ቀን ነው። ፍርድ ቤቱ ምስክር አይሰማም፣ አዲስ ማስረጃም አይቀበልም፤ ያንኑ መዝገብ ያነባል። በ1988ቱ ሕግ ለወታደሩ ከተሰጡት ስጦታዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው፣ ቦርዱ ለወሰነው ነገር ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ መገደዱን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ‘ማስረጃው አልበቃም’ ብሎ መሰናበት ቀርቶ፣ የትኛውን ቃል አምኖ የትኛውን ስለ ምን እንደ ጣለ መጻፍ ግዴታ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ከሚደርሱት ጉዳዮች አብዛኞቹን በሙሉ ወይም በከፊል ወደ ቦርዱ የሚመልሰው፣ ብዙውን ጊዜ ይህ ምክንያት ጐድሎ በማግኘቱ ነው። መመለስ ግን መፈቀድ አይደለም። ቦርዱ ደግሞ አዲስ ምርመራ ይደረግ ብሎ ወደ ታችኛው ቢሮ ይልከዋል፤ ሌላ ሐኪም ያየዋል፤ እንደገና ይከለከላል፤ እንደገናም ይግባኝ ይባላል፤ ሰውየውም በአውድማ ላይ እንደሚዞር በሬ የረገጠውን መልሶ ሲረግጥ ዕድሜው ያልፋል። እስከ 2008 ድረስ ደግሞ አመልካቹ ሲሞት ጉዳዩም አብሮት ይሞት ነበር፤ ሚስቱ ራሷን የቻለ አዲስ ማመልከቻ ታገባለች እንጂ በባሏ ስፍራ ቆማ ክርክሩን መቀጠል አትችልም ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ሻረ፤ ከእርሱ በፊት ባሎቻቸውን የቀበሩት ግን ምንም አላገኙበትም።

የ120 ቀኑም ገደብ ነገር እንዲሁ ልብ የሚነካ ታሪክ አለው። አንድ የኮርያ ዘማች፣ ከአገልግሎቱ በመጣ የአእምሮ ሕመም መቶው እጅ ጉዳተኛ የተባለ ሰው፣ የይግባኝ ማመልከቻውን ዐሥራ አምስት ቀን አሳልፎ በማግባቱ ፍርድ ቤቱ ሳያየው ዘጋበት። ሕመሜ ነው ያዘገየኝ ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2011፣ ይህ ዓይነቱ የቀን ገደብ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ፈጽሞ የሚያጠፋ አይደለም ብሎ ያለ ተቃዋሚ ድምፅ ፈረደ፤ ሰውየው ግን ፍርዱ ሳይነገር አስቀድሞ ዐርፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ሚዛኑ እኩል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ቦርዱ ሲወስን፣ ያ ውሳኔ ከላይ በተቀመጠው ፍርድ ቤት እንዴት ሊታይ ይገባል? ኮንግረስ በ2002 ባወጣው ሕግ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሲመረምር የጥርጣሬው ድንጋጌ እንዴት እንደ ተሠራበት ተገቢውን ትኵረት እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ሁለት የቀድሞ ወታደሮች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው፣ በማርች 5 ቀን 2025 ሰባት ዳኞች በአንድ ወገን፣ ሁለት በሌላ ወገን ሆነው ተፈረደ። ዳኛ ቶማስ ለሰባቱ በጻፉት ፍርድ፣ ማስረጃ እኩል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ቦርዱ ግልጽ የሆነ ስሕተት ካልሠራ በቀር ፍርድ ቤቱ ሊነካው አይገባም አሉ። ዳኛ ጃክሰን ግን ኮንግረስ ያን ቃል በከንቱ አልጻፈውም፣ ከተለመደው ምርመራ የጠለቀ ምርመራ ፈልጎ ነው ብለው በልዩነት ጻፉ፤ ዳኛ ጎርሰችም ተባበሯቸው። እነዚህ ሁለቱ ዳኞች በተለያዩ ወገኖች ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ፣ በብዙ ነገርም የማይስማሙ መሆናቸው ለእኔ ጥቂት ምልክት አይደለም።

የሰባቱን ዳኞች አስተያየት አልንቅም። የይግባኝ ዳኛ ሁሉ የታችኛውን ዳኛ ሚዛን እያፈረሰ እንደ ገና ቢመዝን ፍርድ ማለቂያ አይኖረውም፤ ምስክሩን በዐይኑ ያየ፣ ድምፁን የሰማ፣ ሲያመነታ የተመለከተ ዳኛም ወረቀት ብቻ ካነበበው ይልቅ ሊታመን እንደሚገባው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ምክንያት በዚህ ስፍራ ጕልበት የለውም። የቦርዱ ዳኛ ራሱ ብዙውን ጊዜ ወታደሩን አላየውም፤ ድምፁን አልሰማም፤ የሐኪሙንም ፊት አያውቅም፤ በፊቱ ያለው በመዝገቡ የታሰረው ወረቀት ነው፤ ፍርድ ቤቱም የሚያነበው ያንኑ ወረቀት ነው። ሁለቱም ካነበቡት ነገር በቀር የሚያውቁት ከሌለ፣ ፊተኛው አንባቢ ከኋለኛው ይልቅ የሚታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞም ‘ግልጽ የሆነ ስሕተት’ የሚባለው ልክ ሚዛኑ በግልጽ ወደ አንድ ወገን ላዘነበለበት ጉዳይ ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ይህ ድንጋጌ ግን የተሠራው ገና ከጥንቱ ግልጽ ላልሆነው፣ እኩል ለቆመው፣ አስተዋይ ሰዎች በሁለት ሊከፈሉበት ለሚችሉት ጉዳይ ነው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ስሕተት በጠባዩ ግልጽ አይሆንም። ስለዚህም ጥርጣሬን ለወታደሩ የሰጠው ሕግ፣ ጥርጣሬው በተወሰደበት ጊዜ የሚመልስለት አጥቷል።

በእኔ ፍርድ ይህ ሊታረም የሚገባው በኮንግረስ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተረጐመው የኮንግረስን ቃል ነውና ቃሉን ማጥራት የባለቤቱ ሥራ ነው። ማስረጃው ተቀራርቦ እኩል ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለውን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ በራሱ አእምሮ እንደ አዲስ እንዲመረምረው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ይበቃል። ቦርዱም በሚከለክልበት ውሳኔ ሁሉ፣ በወታደሩ ወገን ያስቀመጠውን ማስረጃ በአንድ ፊት፣ በሌላው ወገን ያስቀመጠውን በሌላ ፊት ዘርዝሮ፣ የቱ ስለ ምን እንደ ከበደ እንዲጽፍ ቢገደድ፣ የታለፈችው አንዲት መስመር ያን ጊዜ ትታያለች።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሰፈሩት ወገኖቻችን ልጆች መካከል የአሜሪካን የጦር ልብስ የለበሱ አሉ፤ ከ2008 በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የውጭ አገር ሰዎችን በቋንቋ ችሎታቸው ለውትድርና ይቀበል በነበረው ደንብ ውስጥም አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የእምቢታ ደብዳቤ ደርሶት እንደ ሆነ፣ ደብዳቤውን በመሳቢያ ውስጥ ቈልፎ ዝም እንዳይል እለምናለሁ። በነጻ የሚረዱት የአሜሪካን ሌጅንና የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ወኪሎች አሉ፤ ከመንግሥት ፈቃድ ሳይኖረው ገንዘብ አምጣና ላስፈጽምልህ ለሚለው ሰው ግን አንዲት ዶላር አይስጥ።

በቤተሰቡ ላሉትም የምለው አለ። ሕጉ የሚመዝነው የሐኪምን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ያዩትን የሚናገሩ ሰዎች ቃልም ማስረጃ ነው። ሚስት ሆይ፣ ባልሽ ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚባንን፣ ከመቼ ጀምሮ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው የምታውቂው አንቺ ነሽ። ወንድም ሆይ፣ ከመሄዱ በፊት እንዴት ይሮጥ እንደ ነበር የምታውቀው አንተ ነህ። አብረኸው የተሰለፍክ ጓድ ሆይ፣ የወደቀበትን ቀን ያየኸው አንተ ነህ። ይህን ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን ሳትጨምሩ፣ ቀኑንና ስፍራውን ለይታችሁ ጻፉ፤ በአማርኛ የጻፋችሁ እንደ ሆነ አስተርጕሙት፤ ስማችሁን ፈርሙበት። ከዚያም አዲስ ማስረጃ በሚቀበለው መንገድ፣ በደብዳቤው ራስ ላይ ከተጻፈው ቀን አንሥቶ ዓመቱ ሳይሞላ አግቡት።